አንድ ፍሬ

እሁድ ጠዋት ነው። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ፣ በመጣ ቀን ቤት ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ይታጠባል። የእህቴ ልጅ ገና አልተነሳም። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስቼ እንደ ልማዴ ኪሱን ገለበጥኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ የሐብሐብ ሽታ ነው።

ማስቲካ መሰለኝ። ሁለተኛው ኪስ ውስጥ እጄን ስከት ግን የነካሁት ማስቲካ አልነበረም። አንድ ፍሬ ሲጋራ ነበር። ቀጭን፣ ያልተለኮሰ፣ ፊልተሩ ላይ ትንሽዬ ክብ ምልክት የታተመበት።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው። እናቱ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ እኔ ጋ ነው ያደገው። ለእኔ አሁንም አንድ ፍሬ ልጅ ነው። እዚያው ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ቁጣው በኋላ መጣ። መጀመሪያ የያዘኝ ግን ግራ መጋባት ነው። ሲጋራ እንዲህ አይሸትማ! ሲጋራ ምን ምን እንደሚል እኔ ጠንቅቄ አውቃለሁ። የአባቴ ልጅ ነኝ።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው አሰብ መንገድ ላይ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ገና ደጅ ሳይደርስ በጠረኑ እናውቀዋለን። ኮቱ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው፤ እማዬ ቤት አታስገባውም። እኔና እህቴ የምንስመው ትንፋሻችንን ይዘን ነው። አንድ ቀን፣ የዘጠኝ ወይ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባዬ አስቀምጦት የተነሳውን ቁራጭ ሲጋራ ሰርቄ ሳብኩት። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አጥወለወለኝና አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ ወደ አፌ አስጠግቼ አላውቅም። ያን ቀን የማንም ምክር አልነበረም ያዳነኝ። ጉሮሮዬ ነው።

ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ጁስ ቤት አለኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር፣ ሦስት ጠረጴዛና አንድ መፍጫ። የከተማው ጫፍ ላይ ነን፤ ትንሽ አለፍ ካሉ ለገጣፎ ነው። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ስገዛ መጀመሪያ በአፍንጫዬ ነው የምመርጠው። ሐብሐብ ደግሞ ሽታው በጣም ስስ ነው። ቆርጣችሁ አፍንጫችሁን ካላስጠጋችሁ አታገኙትም። ጃኬት ላይ ሊያድር ቀርቶ የቆረጠው ቢላዋ ላይ እንኳ አይቆይም።

ኪሱ ውስጥ የነበረው የሐብሐብ ሽታ አልነበረም። ምን እንደሆነ ግን አውቀዋለሁ። ጁስ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት የልደት ኬክ እየጋገርኩ እሸጥ ነበር። ያኔ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ኤሰንስ እገዛለሁ። የእንጆሪ፣ የሙዝ፣ የብርቱካን። ለአንድ ኬክ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ጠርሙሱ ከተደፋ ቤቱን ሳምንት አይለቅም። የልጁ ጃኬት የሸተተኝ እሱን ነው።

ሲጋራዋን ይዤ ማዕድ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት የምከትፍበት ጣውላ ላይ አስቀመጥኳትና ፊልተሩን በቢላዋ ጫፍ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጥጥ ይመስላል። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ኳስ አለች። ቁንዶ በርበሬ ታክላለች። ታብረቀርቃለች፤ ውስጧ ፈሳሽ እንዳለ ያስታውቃል። በጥፍሬ ስጫናት ጠስ ብላ ፈነዳች። ጣውላው ላይ የቀረው ከአንድ ጠብታ እንባ ያነሰ፣ ቅባት ነገር ነው። ሽታው ግን ባንዴ ማዕድ ቤቱን ሞላው። የማታው የቁሌት ሽታ እንኳ ተሸነፈ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ማታ ራት ስንበላ ጣቶቼ አሁንም ሐብሐብ ሐብሐብ ይላሉ።

አሠራሩ ይኸው ነው። አጫሹ ፊልተሩን በሁለት ጣቱ ሲጫነው ኳሷ ትፈነዳለች። ከዚያ በኋላ የሚስበው ጭስ ሁሉ በዚያ ፈሳሽ በራሰ ፊልተር እያለፈ ይመጣል። ይህ ዓይነቱ ሲጋራ መጀመሪያ ገበያ ላይ የወጣው ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አሁን በብዙ አገር ይሸጣል። ኳስ የሌላቸውም አሉ፤ ማጣፈጫው ትምባሆው ላይ ይረጫል፣ አለዚያም በወረቀቱና በፊልተሩ ይገባል።

ልጁ ተነስቶ ሲመጣ ጣውላው ላይ ያለውን አየ። ምንም አላለም። እኔም ዝም አልኩ። ቁርስ አቀረብኩ፣ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን ስቀዳ ነው የጠየቅኩት።

«መቼ ጀመርክ?»

«አልጀመርኩም እኮ እታለም። እንደምታስቢው አይደለም።»

«ይሄ ታዲያ ምንድነው?»

«ይሄ ቀላሉ ነው። አያስልም። አይሸትም። ጓደኞቼ ሁሉ...»

አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግኩም። ያን ጊዜ ነው ቁጣው የመጣው፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ጩኸቴ ምንም አልፈየደም። እሱ አቀርቅሮ ሲኒውን ያሽከረክራል።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አያስልም፣ አይሸትም» የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ። ልጁ አልዋሸኝም። ያየውን ነው የነገረኝ። እኔን ያስፈራኝም ይኸው እውነት መሆኑ ነው።

ፈጣሪ ሳንባችንን ያለ ዘበኛ አልተወውም። ጉሮሮ ጭስ ሲነካው ያቃጥላል፣ ያስላል፣ አስወጣ አስወጣ ይላል። የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ ሽፋሽፍት የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ቀን ከሌት እየተወዛወዙ የገባውን አቧራና አክታ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ከሰውነት ውጭም ዘበኛ አለ። እናት ልብስ ታሸታለች። አስተማሪ ትንፋሽ ያሸታል። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያልፍ ይሸተውና ለቤተሰብ ሹክ ይላል። እኔን በልጅነቴ ያዳነኝ የመጀመሪያው ዘበኛ ነው። እህቴን ያዳናት ሁለተኛው፤ አንዴ ሞክራ እማዬ በጠረኑ ይዛታለች።

ተራ ሲጋራ ወደ አንድ ልጅ ለመግባት እነዚህን ሁለቱን ማለፍ አለበት። የፍራፍሬው ሲጋራ ለሁለቱም ጉቦ ሰጥቶ ነው የሚገባው። ለጉሮሮ ጣፋጭ ይሰጠዋል፣ ለእናት የማስቲካ ሽታ ይሰጣታል።

ይህ የእኔ ምሳሌ ብቻ አይደለም፣ በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። ትምባሆ ላይ የሚጨመር ስኳር ሲቃጠል አሲዶች ይፈጠራሉ። እነሱ የጭሱን ሻካራነት ያለዝቡታል። ጭሱ ጉሮሮ ሳይቧጥጥ ጠልቆ ይገባል። ብዙዎቹ የፍራፍሬ ሲጋራዎች ደግሞ ሜንቶል የሚባል፣ አፍ የሚያቀዘቅዝ ነገር አለባቸው። ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለየውን ነርቭ ነው የሚነካው። ጉሮሮው እየተጎዳ፣ ልጁ ግን ነፋስ የሳበ ይመስለዋል። ሳሉ የሚቀረው ጭሱ ስለቀለለ አይደለም። ኒኮቲኑም፣ ያ ጥቁር ዝቃጩም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም አልተነሳለትም። ደወሉ ነው የተነቀለው።

ሰኞ ከሰዓት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬ ስፕሪስ ልትጠጣ መጣች። ነገርኳት። አንድ የከነከነኝ ነገር ነበር።

«ትምባሆው መርዝ መሆኑን አውቃለሁ» አልኳት። «ኤሰንሱ ግን የሚበላ ነው። እኔ ራሴ ለስንት ልጅ ኬክ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። እሱ ለብቻው ምን ያደርጋል?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠችና አየችኝ። «ሳንባ ሆድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የምንበላው ነገር ሆድ ይገባል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ ጉበት ይፈትሸዋል። ሳንባ እንዲህ ያለ ፍተሻ የለውም። ግድግዳው በጣም ስስ ነው፤ የገባው ነገር ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ አንጎል ለመድረስ አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ሰከንድ ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ማጣፈጫ «ቢበላ ችግር የለውም» ተብሎ ሲፈቀድ፣ ቢቃጠልና ቢተነፈስም ችግር የለውም ማለት አይደለም። ምርመራው ሌላ ነው።

የፈንድሻውን ታሪክ የነገረችኝም እሷ ናት። እኔ ለቡና ፈንድሻ ሳፈነዳ የማስበው ነገር አልነበረም። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ አንድ የፈንድሻ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ከባድ የሳንባ በሽታ እንደያዛቸው ታወቀ። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ሠርተው ጠብበው ነበር። ሲመረመር፣ መንስኤው ለፈንድሻው የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዲያሲታይል የሚባል ነገር ሆነ። ፈንድሻውን የበላው ሕዝብ ምንም አልሆነም። እንፋሎቱን ቀኑን ሙሉ የተነፈሱት ሠራተኞች ናቸው የታመሙት። ይኸው ዲያሲታይል ሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ።

ከረሜላውንና ሲጋራውን ያገናኘው ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ከረሜላና የዱቄት መጠጥ ገዝተው፣ አጠገቡ ጣዕም የተጨመረባቸውን የትምባሆ ውጤቶች አስቀምጠው መረመሩ። ለቼሪው፣ ለወይኑ፣ ለፖሙ ጣዕም የሚሰጡት ኬሚካሎች እነዚያው ሆነው ተገኙ። ልጅ ገና በጨቅላነቱ በከረሜላ የለመደው ጣዕም ነው፣ ሲያድግ ሲጋራ ላይ የሚጠብቀው።

ስኳር ድስት ላይ ያቀለጠ ሰው የሚቀጥለውን በቀላሉ ይረዳኛል። መጀመሪያ ወርቅማ ይሆናል፣ ሽታው ያስጎመጃል። ትንሽ ከዘገያችሁ ይጠቁራል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ያስከፍታል። ያ በምድጃ እሳት ነው። የሲጋራ ጫፍ ሲሳብ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እዚያ ላይ የሚቃጠል ስኳር ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ፎርማልዴሃይድ ነው። አስከሬን እንዳይበላሽ የሚወጋውን ፎርማሊን ታውቁታላችሁ፤ እሱ ውኃ ውስጥ የተበጠበጠ ፎርማልዴሃይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ከሚላቸው ተርታ አስገብቶታል። ሌላው አክሮሊን ነው። ዘይት መጥበሻ ላይ ሲያር አፍንጫና ዓይን የሚቆጠቁጠውን ታውቁ የለ? እሱ ነው። የአየር ቧንቧውን የሚጠርጉትን እነዚያን ሽፋሽፍቶች ከሚያዳክሙት አንዱ ይኸው ነው። ሦስተኛው አሴታልዴሃይድ ይባላል። በአይጥ ላይ በተደረገ ምርምር ከኒኮቲን ጋር ሲገናኝ ሱሱን እንደሚያጠብቀው ታይቷል።

ትምባሆ ስኳር ባይጨመርበትም ሲቃጠል እነዚህን ያወጣል። ስኳሩ በተለይ ፎርማልዴሃይዱን ይጨምርበታል። ሚዛኑን እንዳልስት ግን አንድ ነገር ልናገር። ሰውን በዋናነት የሚገድለው ያቺ የሐብሐብ ጠብታ አይደለችም። የሚቃጠለው ትምባሆ ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። የጠብታዋ ሥራ ልጁን እጁን ይዛ ወደዚያ ጭስ ማስገባት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ጠብታዋ ባትኖርም ኒኮቲኑ ይይዘዋል። የሰው አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነው። በ17 ዓመት የገባ ሱስ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንደተረገጠ እግር ነው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ለአንድ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያ አማካሪዎች የጻፉት ማስታወሻ በኋላ ለሕዝብ ወጥቷል። ሐሳቡ፣ ወጣቶች ጣፋጭ እንደሚወዱ የታወቀ ስለሆነ ጣፋጭ ሲጋራ ይታሰብበት፣ ማርም ቢሆን ይሞከር የሚል ነው። ማር! እኛ ለአራስ፣ ለእንግዳ፣ ለታመመ የምናቀርበውን። ይህን ሳነብ ሆዴ ታወከ።

አገሮች ነገሩን ነቅተውበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም ያለው ሲጋራ አገደች፤ ሜንቶልን ግን ተወችው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 አገደ፣ ሜንቶልን ደግሞ በ2020 ጨመረበት። የእኛም አገር ሕግ አላት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ይከለክላል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥ ይከለክላል። ሺሻንም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አይፈቅድም። ፓኮው ላይ ከፊትም ከኋላም 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲኖር ያዛል። ሳነበው ኩራት ተሰማኝ፤ ከልቤ ነው የምለው። ጥሩ ሕግ ነው።

ማክሰኞ ማታ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ።

ሱቋ ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ፊት ለፊት ቢስኩት፣ ከረሜላ፣ የሞባይል ካርድ። ሲጋራው ከማስቲካው አጠገብ ነው፤ ፓኮው ተከፍቶ በፍሬ ይሸጣል። ባለሱቁ ከገጠር ከመጣ ገና ብዙ ያልቆየ ልጅ ነው። ቢበዛ 20 ቢሆነው ነው።

«የፍራፍሬው አለህ ወንድሜ?» አልኩት።

«የትኛውን ልስጥዎት እትዬ? ሐብሐቡን ወይስ እንጆሪውን?»

ከሥር ካርቶን አወጣ። ፓኮውን ተቀበልኩትና በአምፖሉ ብርሃን አገላበጥኩት። ደማቅ ሮዝና አረንጓዴ ነው፤ የጁስ ካርቶን ይመስላል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ሥዕሉም የለም። በየት በኩል እንደገባ መገመት አያቅትም።

«ተማሪዎች ይገዙሃል?»

መጀመሪያ ዝም አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ባልሸጥ ማዶ ያለው ይሸጣል እትዬ» አለ። «ደግሞ ይሄ ቀላሉ ነው። አያስልም።»

ያው የልጄ ቃል። ማን ከማን እንደሰማው አላውቅም። ልቆጣው ሄጄ ነበር፣ አልቻልኩም። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ እሱም አንድ ፍሬ። ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ እንደሚተኛ አውቃለሁ። የልጄን ዕድሜ ነገርኩት። ሕጉን ነገርኩት። አባቴን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቃል አልገባልኝም።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። ሕጉ ያን ያህል ደክሞ ያስቀመጠው የማስጠንቀቂያ ሥዕል ሕጋዊ ፓኮ ላይ ቢኖር እንኳ፣ በፍሬ የሚገዛ ልጅ አያየውም። ፓኮው ሱቁ ውስጥ ይቀራል። ልጁ እጅ የምትገባው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሐብሐብ ሐብሐብ የምትል አንዲት ፍሬ ናት።

የሺሻውንም ሳላነሳ አላልፍም። ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ያለ ቤት አለ፤ ማታ ሲሆን በመስኮቱ የፖም ሽታ ይወጣል። ሴት ልጆችም ይገባሉ። «ውኃ ያጣራዋል» ይላሉ። አያጣራውም። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች እንዳሰሉት፣ አንድ ሰዓት ሺሻ ያጨሰ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ነው። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይረሳ። እዚያም ሰዉን በር ላይ የሚቀበለው ፍራፍሬው ነው።

እኛ በዚህ ጉዳይ ከብዙ አገር የተሻልን ነን። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ አምስት ብቻ ነው። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ነውሩ ይመስለኛል። አያቴ ትምባሆ ከአርዮስ ደም ላይ የበቀለ ነው ትለን ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዘመናቸው ትምባሆን ከልክለው፣ በተገኘበት ላይ ከባድ ቅጣት ይጥሉ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲመክር ሲጋራን ሳይጠቅስ አያልፍም። ይህ ሁሉ የቆመው ግን ሲጋራ ሲጋራ ሲሸት ነው። ከረሜላ ከሸተተ ነውሩ ምን ይይዛል?

ረቡዕ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጁ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከእሁድ ጀምሮ ብዙም አልተነጋገርንም ነበር። ሻማውን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነግሬው የማላውቀው ነገር ነው።

«ሦስተኛ ዓመትህን ስናከብር ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «በሙዝ ኤሰንስ። አያትህ ያኔ ታሞ እኛ ጋ ነበር።»

አባዬ በዚያ ወቅት ተጋድሞ መተኛት አይችልም ነበር። ሦስት ትራስ ደራርቦ፣ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ከአልጋው ተነስቶ ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳው ላይ ሁለቴ ያርፋል። ሐኪሞቹ የአየር ቧንቧው ጠቧል፣ ሳንባው ላልቷል፣ የተበላሸው አይመለስም አሉን። ያም ሆኖ የልጅ ልጁ ልደት ነውና አምጡኝ አለ። ደግፈን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ልጁ ሻማዎቹን ማጥፋት አቃተው፤ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ምራቁን ነው የሚረጨው። ሁሉም ይስቃል። «አባባ፣ አግዘኝ» አለ። አባዬ ጎንበስ ብሎ እፍ አለ። እሳቱ ትንሽ አዘነበለና ተመልሶ ቆመ። ደገመ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሻማው አልጠፋም። ያን ሁሉ ተራራ ከባድ መኪና ይዞ የወጣ ሰው፣ ሦስት ሻማ አቃተው። እህቴ ቶሎ ብላ አጠፋችውና አጨበጨብን። አባዬ ግን አላጨበጨበም። እጁን እያየ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ዐረፈ።

ልጁ ረጅም ጊዜ ሻማውን አየው።

«እኔ አላስታውስም» አለ።

«አዎ፣ ሕፃን ነበርክ።»

«የሱ እኮ ግን ሌላ ነው፣ ከባዱ...» ብሎ ጀመረና ራሱ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ወር ከሳምንት ሆነ። ጓደኛዬ፣ ማጨስ ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው የሚከብዱት ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ሁለት ቀን ከደም ይወጣል፤ ኒኮቲን የለመደው አንጎል ግን ቶሎ አይለቅም። ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። ሌሊት ይነሳል። በር ያጋጫል። «አልጀመርኩም» ያለኝ ልጅ፣ መጀመሩን ያወቀው ለማቆም ሲሞክር ነው። በትዕግሥት ያዢው አለችኝ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት። አሁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጁስ ቤት ያግዘኛል። ማንጎ ይልጣል፣ ብርጭቆ ያጥባል። እጁ ሥራ ሲይዝ ይሻለዋል።

ባለፈው ዓርብ መፍጫውን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እታለም፣ ትናንት አንድ ፍሬ አጭሻለሁ» አለኝ።

ልቤ ወረደ። ያን ጊዜ አለመጮኼን አሁንም እግዚአብሔርን አመሰግንበታለሁ።

«ሐብሐቡን?»

«አዎ። ሽታው ነው ያማረኝ። ከዚያ በኋላ ግን አላስደሰተኝም።»

«ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ የኔ ልጅ» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። መፍጫውን ተቀብዬው አደረቅኩ።

ጥር ላይ 18 ይሞላዋል። ኬክ ጋግሪልኝ ብሎኛል። የሙዝ ነው የምጋግርለት፤ ሙዙን ራሱን ፈጭቼ። ሻማዎቹን ከአሁኑ ገዝቻለሁ፣ አሥራ ስምንቱንም።